ለሶፍትዌር ፈንክሽኖች የአስተማማኝነት ግብና ማንቂያ እንዴት ይዘረጋል?

የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ አገልግሎት እንውሰድ። ተሳፋሪው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ይፈልጋል፣ ወንበር ይመርጣል፣ በሞባይል ገንዘብ ወይም በባንክ ይከፍላል፣ ከዚያም የትኬት ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። ከበስተጀርባ ይህን የሚያከናውኑት አራት ፈንክሽኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች፣ ናቸው፤ ጉዞ ፈላጊው፣ ወንበር ያዡ፣ ክፍያ ፈጻሚውና መልእክት ላኪው። ሰርቨሩ በርቶ፣ የፕሮሰሰሩ ጫና ዝቅ ብሎ፣ ዲስኩም በቂ ቦታ እያለው፣ ክፍያ ፈጻሚው ከመቶ ጥሪዎች፣ ማለትም እንዲሠራ ከሚቀርቡለት መቶ ጥያቄዎች፣ አምስቱን በስህተት ሊመልስ ይችላል። ገንዘቡ ተቆርጦበት ትኬት ላልደረሰው መንገደኛ የሰርቨሩ ደኅንነት ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ የአስተማማኝነት ግብ የሚተከለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚው ጉዳዩን በሚፈጽምበት ፈንክሽን ላይ ነው፤ ሰው ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ማንቂያም ከዚያው ግብ መነሣት አለበት።

በዚህ ሥራ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። መለኪያ የምንለው መልካም ውጤት ያገኙ ጥሪዎች ቁጥር ለጠቅላላው የጥሪ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘውን መቶኛ ነው። ግብ ደግሞ ያ መቶኛ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከዚህ በታች እንዳይወርድ ብለን የምንቆርጠው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ «በ30 ቀን ውስጥ ከሚመጡት የክፍያ ጥሪዎች 99.5 በመቶው በመልካም ይጠናቀቁ» ማለት ግብ ነው። ከመቶ የሚቀረው፣ በምሳሌያችን 0.5 በመቶው፣ የስህተት በጀት ይባላል። አሠራሩ በሰፊው የታወቀው ቤን ትሬይነር ስሎስ እ.ኤ.አ. በ2003 በጎግል ካቋቋመው የአስተማማኝነት ምህንድስና ቡድን በኋላ ነው፤ ሆኖም ሦስትና አራት ሰው ያለው ቡድንም ያለ ችግር ሊገለገልበት ይችላል። ግቡ ከደንበኛ ጋር ከሚፈረም ውል የተለየ መሆኑን ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል። ውል ሲፈርስ ካሳ ወይም ቅጣት ያስከትላል፤ የውስጥ ግብ ግን ውሉ ከመፍረሱ በፊት ቡድኑ እንዲነቃ የሚያደርግ በመሆኑ ከውሉ ጠበቅ ማለት አለበት።

ግብ የሚገባቸውን ፈንክሽኖች መምረጥ

በአንድ ሶፍትዌር ውስጥ ያሉት ፈንክሽኖች በመቶዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ግብ የሚያስፈልጋቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። መለያ የሚሆነው ጥያቄ «ይህ ፈንክሽን ቢወድቅ ተጠቃሚው ራሱ ጉዳቱን ያየዋል ወይ?» የሚለው ነው። በምሳሌያችን ጉዞ ፈላጊውና ክፍያ ፈጻሚው ያለጥርጥር ይገባሉ። መልእክት ላኪውም ይገባል፤ ሆኖም ትኬቱ በመተግበሪያው ውስጥም ስለሚታይ ግቡ ላላ ሊል ይችላል። ቀን ከአንድ አቆጣጠር ወደ ሌላ የሚቀይረው ረዳት ፈንክሽን ግን ግብ አያስፈልገውም፤ ጥሪዎቹና ስህተቶቹ ቢቆጠሩ ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ክፍያ ፈጻሚው ሲወድቅ መንስኤውን የምንፈልገው እንደዚህ ባሉት ቆጠራዎች ውስጥ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ፈንክሽን መጀመር በቂ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ግብ የተከለ ቡድን በሁለተኛው ወር አንዱንም ሲመለከት አላየሁም።

«ስህተት» የሚለውን ቃል መወሰን

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ቡድኖች ደግሞ በብዛት የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ፕሮግራመሩ የሚያስበው ስህተት በኮዱ ውስጥ የተወረወረውን ስህተት ወይም ሰርቨሩ የመለሰውን 500 ቁጥር፣ ማለትም የሰርቨር ስህተት ምልክቱን፣ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው ስህተት ግን ከዚህ በአንድ በኩል ይሰፋል፣ በሌላ በኩል ይጠባል።

የሚጠብበትን እንመልከት። ተሳፋሪው በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ስለሌለው ክፍያው ቢመለስ ፈንክሽኑ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ይህ እንደ መልካም ጥሪ ይቆጠራል ወይም ከቆጠራው ይወጣል። የምሥጢር ቁጥሩን ቢሳሳት፣ ክፍያውን ራሱ ቢሰርዝ፣ ስልክ ቁጥሩን አንድ አኃዝ አጉድሎ ቢያስገባም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ከስህተት ጋር ከተቆጠሩ ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ያለው የባዶ ሂሳብ ብዛት ብቻውን ማንቂያውን ያስነሣል፣ በዚያ ሰዓት ማንቂያ የሚቀበለው ተረኛም የሚያስተካክለው ነገር አይኖረውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «የተሳሳተ ስልክ ቁጥር» የሚለው መልስ በድንገት በአሥር እጥፍ ቢጨምር ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን ስልኩን ረሳ ማለት አይደለም፤ ምናልባት ትናንት የተለቀቀው ኮድ በ07 የሚጀምሩትን ቁጥሮች ሳይቀበል ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ከግቡ የወጡት መልሶች ለብቻቸው ተቆጥረው በዳሽቦርዱ፣ ማለትም ቆጠራዎቹ በሚታዩበት ገጽ፣ ላይ መታየት አለባቸው።

የሚሰፋበት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። ፈንክሽኑ 200 ቁጥር፣ ማለትም የ«ተሳክቷል» ምልክት፣ መልሶ በውስጡ «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ካስቀመጠ፣ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ መልካም መስሎ የሚታየው ጥሪ ለተጠቃሚው መጥፎ ነው። የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በመውደቁ የተበላሸ ጥሪም ስህተት ነው፤ ጥፋቱ የእኛ አለመሆኑ ለመንገደኛው የሚያመጣው ለውጥ የለም፣ ቢያንስ «ለጊዜው በዚህ መንገድ መክፈል አይቻልም» የሚል ማስታወቂያ አውጥተን ሌላ የመክፈያ መንገድ ማሳየት ይጠበቅብናል። ከዚህም ሌላ መልስ ሳይገኝ የቀረበት ጥሪ አለ፤ ጥያቄው ለክፍያ ድርጅቱ ደርሷል፣ ገንዘቡም ምናልባት ተቆርጧል፣ መልሱ ግን በመንገድ ጠፍቷል። ይህን «መልካም» ብሎ መመዝገብ ሐሰት ነው፣ «ስህተት» ብሎ መመዝገብም ያለጊዜው ነው። የተሻለው መንገድ መለኪያውን በጉዳዩ ፍጻሜ ላይ ማቆም ነው፦ የክፍያ ጥያቄው ከተላከ በ2 ደቂቃ ውስጥ ወይ ትኬት ተቆርጦ፣ ወይ ክፍያው እንዳልተፈጸመ በእርግጠኝነት ታውቆ ለተጠቃሚው ከተነገረው ጥሪው መልካም ነው፤ ከ2 ደቂቃ በላይ ሳይወሰን የቆየ ጥሪ መጥፎ ነው። ይህን ለማድረግ እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ካልሆነ መልሱ የጠፋበት ጥሪ በድጋሚ ሲላክ መንገደኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መዘግየትም ከስህተት ወገን ነው። ጉዞ ፈላጊው መልሱን በ15 ሴኮንድ ቢያመጣ ተሳፋሪው ገጹን ዘግቶ ሄዷል። ስለዚህ ለጉዞ ፈላጊው ሁለት ግብ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ጥሪዎቹ ያለስህተት እንዲመለሱ፣ ሁለተኛው ለምሳሌ 95 በመቶዎቹ በ2 ሴኮንድ ውስጥ እንዲመለሱ። አማካይ የምላሽ ጊዜን ግብ ማድረግ አይበጅም፤ ዘጠና ሰው በፈጣን መልስ ሲደሰት አሥር ሰው የሚሠቃይበት ሁኔታ በአማካዩ ውስጥ ይደበቃል።

በመጨረሻም የቡድኑን የራሱን ጥሪዎች ከቆጠራው ማውጣት ያስፈልጋል። ሰርቨሩ መኖሩን ለማረጋገጥ በየ10 ሴኮንዱ የሚደረጉ የፍተሻ ጥሪዎች ሁልጊዜ ስለሚሳኩ መቶኛውን ያለአግባብ ከፍ ያደርጉታል።

ቆጠራውን በኮዱ ውስጥ መትከል

ለቆጠራው ብዙ መሣሪያዎች አሉ። እኔ የምመክረው ፕሮሚቲየስን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሙዚቃ አገልግሎቱ ሳውንድክላውድ ተጀምሮ በ2016 ወደ ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን የገባ፣ ያለክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። በእያንዳንዱ ፈንክሽን ውስጥ የቆጠራ መስመር ከመጻፍ ይልቅ ፈንክሽኑን ከውጭ የሚሸፍን መጠቅለያ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ዲኮሬተር የሚባለውን፣ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በሚፈለጉት ፈንክሽኖች ላይ መለጠፍ ይሻላል። መጠቅለያው ፈንክሽኑ ሲጠራ ሰዓቱን ይይዛል፣ ሲመለስ የወሰደውን ጊዜና ውጤቱን ይመዘግባል፤ የፈንክሽኑን ስም፣ «መልካም» ወይም «መጥፎ» የሚለውን ፍርድ፣ እንዲሁም የመክፈያ መንገዱን እንደ ሌብል፣ ማለትም በቆጠራው ላይ እንደሚለጠፍ መለያ፣ ያያይዛል። የተሳፋሪው ስልክ ወይም የትኬት ቁጥር ግን ፈጽሞ ሌብል መሆን የለበትም። እያንዳንዱ አዲስ ዋጋ አዲስ ተከታታይ መዝገብ ስለሚፈጥር ፕሮሚቲየስ የሰርቨሩን ሜሞሪ ይጨርሳል፤ የሰውም ምሥጢር ባልተገባ ቦታ ይቀመጣል።

ሦስት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ሰው ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው የምላሽ ጊዜ የሚመዘገብበት ሂስቶግራም ነው፤ ጥሪዎቹን በወሰዱት ጊዜ፣ በተቀመጡለት ወሰኖች እየመደበ ይቆጥራል። በብዙዎቹ የፕሮሚቲየስ ላይብረሪዎች ሳይነካ የሚመጣው የወሰን ዝርዝር ከ5 ሚሊሴኮንድ ተነሥቶ በ500 ሚሊሴኮንድ፣ በ1፣ በ2.5፣ በ5 እያለ እስከ 10 ሴኮንድ ይሄዳል፤ 2 ሴኮንድ የሚባል ወሰን የለውም። ግባችን 2 ሴኮንድ ከሆነ በ1 እና በ2.5 መካከል ያለው ቁጥር በግምት ይሰላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ግቡ ያረፈበትን ቁጥር በወሰኖቹ ዝርዝር ውስጥ በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ፕሮሚቲየስ ካልተነገረው በቀር መረጃ የሚያቆየው ለ15 ቀን ብቻ ነው። የ30 ቀን ግብ ተክሎ ይህን ያልቀየረ ሰው በዳሽቦርዱ ላይ የሚያየው የግማሽ ወር ውጤት ነው። ሦስተኛው፣ የስህተት ቆጣሪው ፕሮግራሙ ሲነሣ ከዜሮ መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ስህተት በተከሰተበት ቅጽበት የሚፈጠር ቆጣሪ በቀጥታ ከ1 ስለሚጀምር ፕሮሚቲየስ ጭማሪ አላየም ይላል፤ ያ ስህተትም ሳይታወቅ ያልፋል።

በሰርቨሩ ላይ የተተከለ ቆጣሪ የማያየውም ነገር አለ። በተሳፋሪው ስልክና በሰርቨሩ መካከል ኔትወርክ ቢቋረጥ ጥሪው አይደርስም፤ ያልደረሰ ጥሪ ደግሞ አይቆጠርም። ለዚህ ሲባል አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ሰርቨሩ ካለበት ውጭ፣ ከተቻለም ተሳፋሪዎቹ በሚጠቀሙበት የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ሆኖ በየደቂቃው ጉዞ እየፈለገ ውጤቱን እንዲመዘግብ ማድረግ ጥሩ ነው። የዚህ ቆጠራ ግን ከእውነተኞቹ ጥሪዎች ጋር እንዳይደባለቅ።

ቁጥሩን መምረጥ

ከመቶ መቶ ግብ አይሆንም። በጀቱ ዜሮ የሆነ ቡድን አንድም አዲስ ኮድ መልቀቅ አይችልም፤ የተጠቃሚው ስልክና ኔትወርክ ራሳቸው ከመቶ መቶ ስላልሆኑ ድካሙን የሚያይለትም የለም። 99.9፣ 99.99 እያሉ ዘጠኞቹን መደርደር ከመጀመር በፊት በ30 ቀን ውስጥ ምን እንደሚፈቅዱ ማየት ይበጃል። 99 በመቶ ለ7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሙሉ መቋረጥ ቦታ አለው፤ 99.5 በመቶ ለ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፤ 99.9 በመቶ ለ43 ደቂቃ ያህል፤ 99.99 በመቶ ለ4 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ ብቻ። በመጨረሻው ቁጥር ተረኛው ስልኩን አንሥቶ ላፕቶፑን እስኪከፍት በጀቱ አልቋል፤ ስለዚህ ጥገናው በራሱ በሶፍትዌሩ የማይከናወን ከሆነ 99.99 በመቶን መትከል ራስን ማታለል ነው።

ቁጥሩ ከሁለት ነገሮች ይወጣል። አንደኛው ያለፉት አራት ሳምንታት ውጤት ነው። ክፍያ ፈጻሚው 99.6 በመቶ ሲያስመዘግብ ከቆየና ተሳፋሪዎችም እምብዛም ካላማረሩ 99.5 ተገቢ መነሻ ነው። ሁለተኛው የምንደገፍባቸው አካላት አቅም ነው። አንድ ጥሪ እንዲሳካ አምስት ክፍሎች ሁሉም መሥራት ካለባቸውና እያንዳንዳቸው 99.9 በመቶ ከሆኑ፣ ተባዝተው የሚሰጡት 99.5 በመቶ ነው። የክፍያ ድርጅቱ 99 በመቶ ብቻ እየሰጠን 99.5 በመቶ ቃል የምንገባው፣ ያልተሳካውን ጥሪ ጠብቆ የሚደግም ወይም ወደ ሌላ የመክፈያ መንገድ የሚያዞር ሥርዓት ሲኖረን ብቻ ነው።

የጊዜው ክልል ተንከባላይ ይሁን፤ ማለትም ዛሬን ይዞ ወደኋላ 30 ቀን ይቆጠር። ወር በገባ ቁጥር በጀቱ እንዲታደስ ማድረግ በ29ኛው ቀን የደረሰውን ጉዳት በማግስቱ ያስረሳል። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን በመሆኑ በወር መቁጠር ለሪፖርት ይማርክ ይሆናል፤ የጳጉሜን አምስትና ስድስት ቀናት ግን ለብቻቸው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከዚህም ጋር ቆጠራው በደቂቃ ሳይሆን በጥሪ ቢሆን ይመረጣል። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ሕዝቡ ወደየአገሩ ለመሄድ ትኬት ሲሻማ የሚደርስ የ10 ደቂቃ መቋረጥ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሚደርሰው የ10 ደቂቃ መቋረጥ ጋር አንድ አይደለም፤ በጥሪ ስንቆጥር ይህ ልዩነት በራሱ ይታያል።

ማንቂያው የሚነሣበት ፍጥነት

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቡድን ውስጥ የፕሮሰሰሩ ጫና ከ80 በመቶ ሲያልፍ ማንቂያ ይነሣ ነበር። የመረጃ ቋቱ ቅጂ በየሌሊቱ ሲወሰድ ጫናው ስለሚጨምር ማንቂያውም በየሌሊቱ ይጮኽ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሁላችንም የማንቂያውን ግሩፕ ድምፅ አጠፋነው። አንድ ምሽት ክፍያ ተቀባዩ ፈንክሽን ከሦስት ሰዓት በላይ ተበላሽቶ ሲቆይ የፕሮሰሰሩ ጫና እንዲያውም ቀንሶ ነበር፤ ችግሩን የሰማነው ከደንበኞች ስልክ ነው። ያን ምሽት ገንዘባቸው ተይዞ የተጉላሉትን ሰዎች አሁንም አስባቸዋለሁ፤ ማንቂያን በተመለከተ ጥብቅ የሆንኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ቀላሉ አማራጭ «የስህተቱ መቶኛ ከ0.5 በላይ ለ10 ደቂቃ ከቆየ አንቃ» ማለት ነው። ሁለት ጉድለት አለበት። ፈንክሽኑ ሙሉ በሙሉ ቢወድቅም ተረኛው 10 ደቂቃ ሳይነገረው ይቆያል፤ ስህተቱ ደግሞ በየ8 ደቂቃው ለአፍታ እየቀነሰ የሚመለስ ከሆነ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ማንቂያው ቀኑን ሙሉ ላይነሣ ይችላል። የሚሻለው በጀቱ በምን ፍጥነት እየተበላ እንደሆነ መለካት ነው። የፍጆታ ፍጥነት የሚባለው አሁን ያለው የስህተት መቶኛ ለተፈቀደው መቶኛ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ፍጥነቱ 1 ከሆነ በጀቱ ልክ በ30ኛው ቀን ያልቃል፤ 2 ከሆነ በ15 ቀን፤ ፈንክሽኑ ጨርሶ ወድቆ ስህተቱ 100 በመቶ ሲሆን፣ ግቡ 99.5 ከሆነ ፍጥነቱ 200 ነው፣ የወሩ በጀትም በ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሟጠጣል።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ በሰፊው የሚሠራባቸው ሦስት ደረጃዎች አሉ። በ1 ሰዓት ውስጥ የወሩ በጀት 2 በመቶ ከተበላ፣ ማለትም ፍጥነቱ 14.4 ከደረሰ፣ ሰው በስልክ ይቀስቀስ። በ6 ሰዓት ውስጥ 5 በመቶው ከተበላ፣ ማለትም ፍጥነቱ 6 ከሆነ፣ አሁንም ሰው ይቀስቀስ። በ3 ቀን ውስጥ 10 በመቶው ከተበላ፣ ማለትም ፍጥነቱ 1 ከሆነ፣ ማንም አይቀስቀስ፤ በሥራ ሰዓት የሚታይ ጉዳይ ሆኖ ይመዝገብ። ቁጥሮቹ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ 30 ቀን 720 ሰዓት ስለሆነ የ720 2 በመቶ 14.4 ነው፣ የ720 5 በመቶ 36 ሆኖ ለ6 ሲካፈል 6 ይመጣል። ግቡ 99.5 ለሆነው ክፍያ ፈጻሚ እነዚህ ፍጥነቶች 7.2፣ 3 እና 0.5 በመቶ ስህተት ማለት ናቸው።

ለእያንዳንዱ ደረጃ አጭር የማረጋገጫ ጊዜ ይጨመርለታል፤ ለ1 ሰዓቱ 5 ደቂቃ፣ ለ6 ሰዓቱ 30 ደቂቃ፣ ለ3 ቀኑ 6 ሰዓት። ማንቂያው የሚነሣው በረጅሙም በአጭሩም ጊዜ ፍጥነቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ብቻ ነው። ጥቅሙ ችግሩ ሲያበቃ ይታያል። ተረኛው ጥገናውን ከጨረሰ በኋላ የ1 ሰዓቱ ቆጠራ ያለፈውን ስህተት ይዞ ለረጅም ጊዜ ከወሰኑ በላይ ይቆያል፤ የ5 ደቂቃው ግን በ5 ደቂቃ ውስጥ ከስህተት ስለሚጸዳ ማንቂያው ይዘጋል፣ ተረኛውም ሥራው እንደተሳካ ያውቃል። የመነቃቂያው ፍጥነትም አይጎዳም፤ ጥሪው በእኩል እየመጣ ፈንክሽኑ ሙሉ በሙሉ ከወደቀ የ1 ሰዓቱ መቶኛ 7.2 የሚደርሰው በ4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ነው።

የስህተቱን መቶኛ በየጊዜው አስቀድሞ አስልቶ የሚያስቀምጥ ደንብ በፕሮሚቲየስ ውስጥ መጻፍ ተገቢ ነው፤ የ3 ቀንና የ30 ቀን ስሌት ዳሽቦርዱ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ከተሠራ ሰርቨሩን ያደክመዋል። ደንቦቹ ከኮዱ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ከመሰማራታቸው በፊትም ፕሮምቱል በሚባለው መሣሪያ የሐሰት ቁጥሮች ተሰጥተዋቸው በሚገባቸው ጊዜ መነሣታቸውና በማይገባቸው ጊዜ ዝም ማለታቸው ይፈተን።

ጥሪ ጥቂት ሲሆን

ከላይ ያለው ስሌት በሰዓት በሺዎች ጥሪ ለሚቀበል ፈንክሽን ያለ ችግር ይሠራል። የእኛው ክፍያ ፈጻሚ ግን በወር 60,000፣ በቀን በአማካይ 2,000 ጥሪ ይቀበላል እንበል። የወሩ በጀት 300 መጥፎ ጥሪ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሰዓት የሚመጡት 4 ጥሪዎች ብቻ ሆነው አንዷ ብትበላሽ ስህተቱ 25 በመቶ፣ የፍጆታ ፍጥነቱም 50 ይሆናል፤ ማንቂያው ይነሣል፣ የተበላው ግን ከ300 አንድ ነው። ለአንዲት ጥሪ ሰው ከእንቅልፉ መነሣት የለበትም።

መፍትሔው ከራሱ ከበጀቱ ይገኛል። የመጀመሪያው ደረጃ ትርጉም «በ1 ሰዓት ውስጥ የበጀቱ 2 በመቶ ተበላ» ከሆነ፣ የ300 2 በመቶ 6 ነው፤ ስለዚህ በማንቂያው ደንብ ላይ «በዚያ ሰዓት ውስጥም ቢያንስ 6 መጥፎ ጥሪ ካለ» የሚል ሁኔታ ይጨመር። ለ6 ሰዓቱ 15፣ ለ3 ቀኑ 30 ይሆናል። የሐሰት የፍተሻ ጥሪዎችን በመጨመር የጥሪውን ቁጥር ማብዛት ግን አይረዳም፤ በሰዓት 60 የተሳኩ የፍተሻ ጥሪዎች ከ4ቱ እውነተኞች ጋር ከተደመሩ አራቱም ቢበላሹ እንኳ ስህተቱ 6 በመቶ ያህል ሆኖ ከወሰኑ በታች ይቀራል።

ተቃራኒው ሁኔታ ከዚህ ይከፋል። ጥሪ ጨርሶ ከጠፋ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ውጤት ስለሌለው ማንቂያው ዝም ይላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ትኬት በሚቆርጥበት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ አንድም የክፍያ ጥሪ ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ለዚህ የተለየ ማንቂያ ያስፈልጋል፤ ጥሪ በተፈጥሮው በሚጠፋባቸው የሌሊት ሰዓቶች ግን እንዳይሠራ ይደረግ።

ለማን፣ በምን መንገድ፣ ምን ተብሎ

ማንቂያውን ከፕሮሚቲየስ ተቀብሎ የሚያደርሰው አለርትማኔጀር ነው፤ ወደ ቴሌግራምም በቀጥታ መላክ ይችላል። አገር ውስጥ ያሉ ቡድኖች በአብዛኛው የሚነጋገሩት በቴሌግራም ስለሆነ ሁሉንም ወደዚያ መላክ ይቀልላል፤ ነገር ግን የቴሌግራም መልእክት የተኛ ሰው አይቀሰቅስም፣ ለሁሉም የተላከ መልእክትም የማንም ኃላፊነት አይሆንም። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በስም ለታወቀ አንድ ተረኛ ስልክ እንዲደውሉ፣ እርሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላነሣም ለሁለተኛ ሰው እንዲደውሉ ይደረግ። ሦስተኛው ደረጃ በቴሌግራም ቢመጣ በቂ ነው። አራቱም ፈንክሽኖች በአንድ መንስኤ ሲወድቁ አራት ጊዜ እንዳይደወል አለርትማኔጀር ተዛማጅ ማንቂያዎችን በአንድ እንዲያስር ማዘዝ ይቻላል።

መልእክቱ የተኛ ሰው ተነሥቶ የሚያነብበው መሆኑ መረሳት የለበትም። የትኛው ፈንክሽን፣ ስንት በመቶ ስህተት፣ ከበጀቱ ምን ያህል እንደቀረ፣ በየትኛው የመክፈያ መንገድ ላይ እንደበረታ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ የሚገልጸው ሰነድ የት እንዳለ፤ ይህ ሁሉ በአማርኛ በአጭሩ ይጻፍ። በሰዓት ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰዓት ከእርሱ 3 ሰዓት ይቀድማል፣ አቆጣጠራችን ደግሞ 6 ሰዓት ይለያል። በመልእክቱ ላይ 20:00 ተብሎ የተጻፈው በግድግዳ ሰዓት 23:00፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያልለቀቀው ተረኛ ይህን እያሰላ የተሳሳተ የመዝገብ ክፍል ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ መልእክቱ በሰርቨሩም በእኛም ሰዓት ሁለቱንም ይጻፍ።

ማንቂያ ሰጪው ራሱ ሊወድቅ መቻሉም አለ። ፕሮሚቲየስ በቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከተተከለ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ዝምታው ሰላም ይመስላል። ይህን ለመከላከል ሁልጊዜ በርቶ የሚኖር አንድ ማንቂያ ይዘጋጅና በየጥቂት ደቂቃው ሌላ ቦታ ላለ አገልግሎት ይላክ፤ ያ አገልግሎት የሚደውለው መልእክቱ ሲመጣ ሳይሆን ሲቀር ነው።

በጀቱ ሲያልቅ

በጀቱ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው ከማለቁ በፊት፣ የቡድኑ ኃላፊና የምርቱ ባለቤት ባሉበት፣ በጽሑፍ ነው። የተለመደው ስምምነት፣ በጀቱ እስኪያገግም ድረስ በዚያ ፈንክሽን ላይ አዲስ ነገር መልቀቅ ቆሞ የስህተቶቹን መንስኤ ማስተካከል ብቻ እንዲቀጥል ማድረግ ነው፤ የደኅንነት ጥገና ግን አይታገድም። ግማሽ በጀት ሲበላ የሚደረግ መለስተኛ እርምጃም፣ ለምሳሌ አዲስ ኮድ መጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ብቻ መልቀቅ፣ አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነው። መንስኤው የክፍያ ድርጅቱ ከሆነ የተቆጠረው መዝገብ ከእነርሱ ጋር ለመነጋገር ማስረጃ ይሆናል፤ ከ«ብዙ ጊዜ ይቋረጣል» ይልቅ «ባለፉት 30 ቀናት ይህን ያህል ጥሪ በእነዚህ ሰዓቶች ተመልሷል» የሚለው ንግግር ይሰማል።

በመጀመሪያው ወር የተነሣ እያንዳንዱ ማንቂያ በሠንጠረዥ ይመዝገብ፤ መቼ ተነሣ፣ ተረኛው ምን አደረገ። «ምንም አላደረግሁም» የሚል መልስ ሁለት ጊዜ የተሰጠበት ማንቂያ ወሰኑ ይስተካከል ወይም ማንቂያው ይሰረዝ። ተሳፋሪዎች ደውለው ማንቂያው ዝም ያለበት አጋጣሚ ካለ ደግሞ የስህተቱ ትርጉም ተመልሶ ይታይ፤ ከተቆጠሩት ውጭ የቀረ መጥፎ ጥሪ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግቡ በየሦስት ወሩ ይከለስ፤ የተለወጠው ቁጥር፣ የተለወጠበት ቀንና ምክንያቱም ከማንቂያ ደንቦቹ ጎን በዚያው ፋይል ውስጥ ይጻፍ።